የቱቦው ሁለት አፍ

አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነበረ። «ሐኪሙ ስለ ወንድሜ ጉበት ለእኔ የነገረኝን ሳላስደነግጠው እንዴት ልንገረው?» ብለሽኛል። መልሴ የዚህ ሰው ታሪክ ነው፤ ስሚኝ።

ሰውየው ለቱቦው ጫፍ የሚቀያየር ሁለት አፍ ነበረው። አንደኛው ውሃውን በትኖ እንደ ጉም ይረጫል፤ ቱቦውን የያዘውንም ከወላፈን ይጋርዳል። ሁለተኛው ውሃውን ሳይበትን ቀጥ አድርጎ ይልካል። ሩቅ ይደርሳል፣ የእሳቱን ሥር ይመታል፤ የያዘውን ግን አይጋርድም። ሰውየው ጉሙን ይወድ ነበር። ደጅ ላይ ብዙ እሳት አጥፍቶበታል፤ ያ ሁሉ ነጭ ነገር ሲነሳ ሰዉም ያጨበጭብለታል።

አንድ ቀን የፍራሽ መሸጫ ቤት ተቃጠለ። አንዲት ልብስ ሰፊ ከእሳቱ ወዲያ፣ መስኮት በሌለው ጓዳ ቀርታለች። ሰውየው በሩ ላይ ቆሞ ጉሙን ለቀቀ። ጉሙ እሳቱን ሲነካ እንፋሎት ሆነ፤ እንፋሎቱም መውጫ አጥቶ ወደ ጓዳው ገባ። የሰውየው ፊት ቀዝቅዟል። ሴትየዋ ግድግዳውን ትደበድብ ጀመር።

«አንተ ሰው፣ እየቀቀልካት እኮ ነው!» አለው ከኋላው ቱቦውን የያዘው ባልደረባው። «አፉን ቀይረው!»

«እስክቀይረው እኔን ምን ይሸፍነኛል?»

«አንተማ በር ላይ ነህ፤ ካልቻልክ ትሮጣለህ። እሷ ወዴት ትሩጥ?»

ድብደባው እየደከመ ሄደ፤ ከዚያ ቆመ። ያን ጊዜ ሰውየው ውሃውን ዘጋ። ወላፈኑ መጣበት፤ ቅንድቡ ተለበለበ። ጉም የሚረጨውን ፈትቶ ጣለና ሌላውን አሰረ። ቀጥ ያለውን ውሃ የፍራሹ ክምር ላይ አሳረፈው። እሳቱ ወደቀ። ሴትየዋን ተሸክመው አወጧት፤ ትተነፍሳለች። ጀርባዋ ግን ተልጧል። እሳቱ አልደረሰባትም፤ የላጣት እንፋሎቱ ነው።

አንቺስ? «ትንሽ ድካም ነው»፣ «መጠጡን ለጊዜው ቀነስ አድርገው»፣ «ደግሞ ይሻልሃል» እያልሽ ስትረጪበት ከረምሽ። ዘመዱ ሁሉ ደግ እህት ይልሻል። ለእሱ አዝነሽ ይመስልሻል፤ ጉምሽ የሸፈነው ግን አንቺን ነው። እውነቱን ሲሰማ ፊቱን ከማየት ጋረደሽ። የሚሞተው እሱ ነው፤ አለማወቁ ደግሞ ጉበቱን አያድንለትም።

ትናንት «ሰሞኑን ስለ ሕመሙ መጠየቅ ትቷል፤ ተረጋግቷል መሰለኝ» አልሽኝ። እኔ የፈራሁት ይህንን ነው። ግድግዳውን መደብደብ አቁሟል። ተነሺ፣ ዛሬውኑ ሂጂ፤ ቅንድብሽ ይለብለብ።