ከፍልውሃ አልወጣ ያለው አንበሳ

አንድ ጊዜ፣ ሲያገሳ ከወንዝ ማዶ ያለ ቅጠል የሚያረግፍ አንበሳ ከሚስቱ ከእመት አንበሲት ጋር በአንድ ፍልውሃ አጠገብ ይኖር ነበር። ውሃው እንዴት የሚፋጅ መሰላችሁ! እንቁላል ቢጥሉበት ተቀቅሎ፣ ተልጦ፣ ጨው ተነስንሶበት ይወጣል። አያ አንበሶ ግን ጎህ ሲቀድ ይገባበታል፣ ጀምበር ስትጠልቅ ይወጣል፤ «የንጉሥ ወገብ ሙቀት ይወዳል» ባይ ነው።

ክረምት መጣ፣ ክረምት ሄደ፤ አንበሲት አልጸነሰችም። ሥር ብትቀቅል፣ ቅጠል ብትጨምቅ፣ ክታብ ብታስር፣ ወይ ፍንክች! ሆዳሙ አያ ጅቦ ደግሞ ፍልውሃው ዳር ተጎልቶ፣ «ጌታዬ፣ ይቺ መካን ናት፤ ይፍቷትና ሌላ ያግቡ። ለመሆኑ ሠርጉ ላይ ስንት በሬ ይታረዳል?» ይላል፣ ለሃጩ ጉልበቱ ድረስ እየወረደ።

በመጨረሻ ባሏ፣ «ቅዳሜ ሽማግሌዎች ይመጣሉ፤ እንፋታለን» አላት።

አንበሲት እንባዋን እየዋጠች መድኃኒት አዋቂዋ እመት ቀበሮ ዘንድ በረረች። ቀበሮ ሆዷን ዳበሰች፣ ጠየቀች፣ ደግማ ጠየቀች።

«አንቺ ዘንድ እንከን አላየሁም። በይ ባልሽን አምጪው።»

«ባሌን? ጉድ ፈላ! እሱ ደግሞ ምን ሆነና?»

«እህቴ፣ ልጅ የሚመጣው ከሁለት ነው። አንዳንዴ የሴቷ እንቁላል ጊዜውን ያዛባል፣ አንዳንዴ የማህፀኗ ቱቦ በቆየ ቁስለት ይዘጋል፣ አንዳንዴ የወንዱ ዘር ይደክማል፤ ከሁለቱም የሚሆንበት ጊዜ አለ። ግማሹን አይቼ እንዴት ልፍረድ?»

አንበሲት ሄዳ ብትነግረው አንበሳ አገሳ። ዛፎች ከነሥራቸው ተነቀሉ፤ የተረፈው አንዱም በድንጋጤ ራሱ ወደቀ። «እኔ! የዱር ንጉሥ! ልመረመር?!»

ግሳቱን ከዋሻዋ ሆና የሰማችው ቀበሮ መች ሰነፈች! ለአያ ጅቦ ሹክ አለችው፦ «ዛሬ ወንዶችን እመረምራለሁ፤ ቀድሞ ለገባ የክብር ሥጋ፣ ሻኛ ይሰጣል።»

ጅቦ ምላሱን አውጥቶ በፍልውሃው ዳር ሽው አለ። «ሻኛ! ሻኛ! ቀዳሚው እኔ ነኝ!»

አንበሳ ከውሃው ተፈናጥሮ ወጣ። «ምን? ሻኛ ከንጉሥ በፊት ለጅብ?» ብሎ በጅቦ አናት ላይ ዘሎ ቀበሮ ዋሻ ውስጥ ጥልቅ!

አንበሲት ተከትላ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ቀበሮ የአንበሳን ጭን ነካ አድርጋ እጇን መንጭቃ ሳበች።

«ውይ፣ ተቃጠልኩ! ጌታዬ፣ የወንድ ዘር ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይወዳል፤ ለዚያ አይደል እንዴ ፍሬው ከሆድ ውጭ የተንጠለጠለው? እርስዎ ግን ሲቀቅሉት ይውላሉ!»

ንጉሡ አቀረቀረ። «አንበሲትዬ… እነዚያን ሽማግሌዎች አትምጡ በያቸው።»

«ራስህ በላቸው!» አለች፤ ሳቅና እንባዋ ተደባለቀ።

አያ አንበሶ ፍልውሃውን ተሰናብቶ ቀዝቃዛ ወንዝ ዳር ከተመ። ወራት አለፉ፤ አንበሲት ወለደች፣ ያውም መንታ! እልልታዋ ተራራውን ከቦታው ፈቀቅ አደረገው። አያ ጅቦስ? እስከ ዛሬ ቀበሮ ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ «ሻኛዬስ?» ይላል።

ከዚህ የምንማረው፣ ልጅ የዘገየባቸው ባልና ሚስት ጥፋቱን በአንዳቸው ላይ ከመጫን ይልቅ አብረው ሄደው አብረው መመርመር እንዳለባቸው ነው።