ደርሶኛል

አንድ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፤ አቶ ወንድይፍራው ይባላሉ። ጆሯቸው ስለ ደከመ በስልክ መነጋገር አይሆንላቸውም። ስንዱ የምትባል አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ባሕር ማዶ ትኖራለች። የተለያዩት ተኳርፈው ነው። ሻንጣዋን ስታነሳ፣ «ሂጂ! ዓመት ሳይሞላሽ ፊደልሽን ትረሻለሽ» አሏት። እሷም፣ «እርስዎ ነይ ካላሉኝ ይህን ደጃፍ አልረግጥም» ብላ ወጣች።

ቃሏን ጠበቀች። ቃል መጠበቅ ሁልጊዜ ደግ ነገር እንዳይመስላችሁ።

የአባትየው ቁጣ ወር አልቆየም። አሮጌ ኮምፒውተራቸው ላይ ተቀምጠው ደብዳቤ ጻፉላት፤ በኢሜይልም ላኩት። የፍርድ ቤት ሰው ናቸውና መሸኛው ሌላ፣ ደብዳቤው ሌላ ነው። ልባቸውን ሁሉ በተያያዘው ፋይል ውስጥ አኖሩ፤ መሸኛው ላይ ግን በፈረንጅ ፊደል አንድ መስመር ብቻ አሰፈሩ፦ «ደብዳቤ አያይዣለሁ፤ መድረሱን አሳውቂኝ።»

ስንዱ ፋይሉን ስትከፍተው ከላይ እስከ ታች ባዶ ሣጥኖች ተደርድረው አየች። አባቷ የሚጽፉበት የድሮ የአማርኛ ፊደል በእሷ ኮምፒውተር ላይ አልተጫነም ነበር፤ እሷ ግን ይህን አላወቀችም። «አልተነበበልኝም» ልትላቸው አሰበችና ያ ንግግር ትዝ አላት፦ ፊደልሽን ትረሻለሽ። «ደግሞ ይሳቁብኝ?» አለች ለራሷ። «ደርሶኛል» ብላ መለሰች።

በየወሩ እንዲሁ ሆነ። እሳቸው «መድረሱን አሳውቂኝ»፣ እሷ «ደርሶኛል»። ሣጥኖቹን ግን አላጠፋቻቸውም። እሑድ እሑድ እየከፈተች ታያቸዋለች። መጨረሻ ላይ ካለችው አጭር መስመር ስትደርስ፣ «ይቺ ስሜ ትሆናለች» ትላለች።

በሰባተኛው ዓመት መልእክቱ ቆመ። በዚያው ሰሞን አመለወርቅ የምትባል፣ አገር ቤት የኮምፒውተር ጽሕፈት ትሠራ የነበረች ሴት ልትጠይቃት መጣችና ኮምፒውተሩ ላይ የተደረደሩትን ሣጥኖች አየች።

«እትዬ ስንዱ፣ ሣጥን ትሰበስቢያለሽ እንዴ?»

«የአባቴ ደብዳቤ ነው።»

«ውይ በሞትኩት! ይሄ እኮ ፊደሉ ስላልተጫነ ነው። አልተከፈተልኝም ብትያቸው በየትም ኮምፒውተር በሚነበበው በፒዲኤፍ አድርገው ይልኩልሽ ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ ምን ብለሽ ነው የምትመልሺው?»

ስንዱ ተነሥታ ወንበሩን ለቀቀችላት።

አመለወርቅ ፊደሉን ጫነችላት። ሣጥኖቹ አማርኛ ሆኑ። የመጀመሪያው፣ «ልጄ፣ ያን ቀን ክፉ ተናገርሁሽ። ነይ» ይላል። ሁለተኛው፣ «የጓሮው ኮክ አፍርቷል። የታችኛውን ቅርንጫፍ ላንቺ ትቼዋለሁ። ነይ» ይላል። ሁሉም የሚያበቁት በዚያው ቃል ነው፤ ከመጨረሻው በቀር። እሱ እንዲህ ይላል፦ «ዓይኔ ሊጠፋ ነው፤ ከእንግዲህ አልጽፍም። ሁሉም እንደ ደረሰሽ አሳውቀሽኛል። አለመምጣትሽ መልስሽ መሆኑ ገብቶኛል።»

በሳምንቱ ደጃፉን ረገጠች። አባቷ ኮኩ ሥር ተቀምጠዋል፤ አያዩም፣ አይሰሙም። «አባባ!» ብላ ጮኸች። ፊታቸውን እንኳ አላዞሩም። እጃቸውን ያዘችና መዳፋቸው ላይ በጣቷ ጻፈች፦ መ፣ ጣ፣ ሁ። አልገባቸውም። እንባዋን ጠርጋ፣ ቀስ ብላ ደገመችው። ያን ጊዜ ጣቷን ጨብጠው ያዙት።

«አልረሳሽውም» አሉ። ቀጥለውም፣ «ደርሶኛል።»

ሰባት ጊዜ አፍርቶ የረገፈውን ኮክ ግን ማንም አይመልስላቸውም።

ወዳጆቼ፣ ደረሰ ማለት ተከፈተ ማለት አይደለም። የምትልኩ፣ «ደረሰሽ ወይ?» ብላችሁ አትረፉ፤ «ተነበበልሽ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። የምትቀበሉም፣ «አልተከፈተልኝም» ማለትን አትፈሩ፤ የአንድ ቀን እፍረት ከሰባት ዓመት ናፍቆት ይቀላል። ለመሆኑ እናንተ «ደርሶኛል» ብላችሁ ሳታነቡት ያስቀመጣችሁት የማን ደብዳቤ ነው? ጸሐፊውስ ዛሬ ዓይኑ ያያል?