በዱቄት ላይ የታተመ መዳፍ

በገደል አፋፍ ላይ በተሠራች፣ ቤቶቿ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው በቆሙባት አንዲት አሮጌ ከተማ ሸህ ሙስባህ የሚባሉ አዛውንት ይኖሩ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሽርጥና ክር ይሸጣሉ፤ ከዐስር ሶላት በኋላ ደግሞ በመስጊዱ ግቢ ለፈለገ ሰው ኪታብ ያቀራሉ። የከተማዋን ስም አላውቀውም። ታሪኩን የነገረኝ ባለቤቴ ነው፤ አላህ ይዘንለትና፣ እሱም ሲያወራ "ያቺ ከተማ" ብቻ ይላት ነበር። አሁን ዒዳዬን፣ የባል ሐዘን ወራቴን፣ ተቀምጫለሁ። ድምፁ ከጆሮዬ ሳይርቅ እንደነገረኝ ልጻፈው ብዬ ብዕር አነሣሁ።

ሰዎች ወደ ሸህ ሙስባህ ቤት መሄድ ይወዱ ነበር። ምንጣፉ ያረጀ፣ ግድግዳው በጭስ የጠቆረ ቤት ነው። ግን ተጣልቶ የመጣ ሰው እዚያ ጥቂት ሲቀመጥ ትከሻው ይወርዳል፤ ድምፁም ይለዝባል። አንድ ጎረቤት ምክንያቱን ለማወቅ ፈልጎ፣ "ሸሆች፣ ከደጃፍዎ ሥር የቀበሩት ሒርዝ፣ ክታብ ቢጤ አለ እንዴ?" ብሎ ጠይቋቸዋል አሉ። ሸሁ ሳቁና "የቀበርነው የለም፤ የለመድነው ነው" አሉት።

ልማዳቸውም ቀላል ነበር። የገዛ ቤቱ ቢሆንም የሚገባ ሰው ደጃፍ ላይ ቆሞ ሰላምታ ያቀርባል፤ ምላሽ ሳይሰማ አይገባም። ከመንገድ የመጣ ሰው ውሃ ሳይጠጣ "የት ነበርክ? ለምን ቆየህ?" አይባልም። ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ተጮሆ ሰው አይጠራም፤ የፈለገው ተነሥቶ ይሄዳል። በቦታው ስለሌለ ሰው ክፉ ወሬ የጀመረ ካለ ደግሞ ሸሁ እጃቸውን ያነሡና "ጥሩት፣ እሱም ይስማ" ይላሉ። በዚህ የተነሣ በዚያ ቤት ብዙ ወሬ ሳይወለድ ሞቷል።

ከዚያ ዝናቡ የቀረበት ዓመት መጣ።

በዚያ ዓመት የሸሁ ልጅ ተማም ኒካሕ አስሮ፣ ሚስቱን ይዞ እዚያው አባቱ ቤት ይኖር ነበር። ሙሽራዋ ሉባባ ትባላለች፤ ከወንዙ ማዶ፣ ድርቁ ከከተማዋ ይልቅ ከበረታበት ቆላ የመጣች ናት። አባቷ ሞቷል፤ እናቷ ብቻዋን ቀርታለች። ሉባባ ዝምተኛ ነበረች። በደህናው ጊዜ ዝምታዋ ጨዋነት ይባልላት ነበር። እህል ሲጠፋ ግን ዝምታዋ ሌላ ስም አገኘ።

የሸሁ ባለቤት ሰዕዲያ የዱቄቱን ጋን በከፈተች ቁጥር ከትናንቱ የጎደለ ይመስላት ጀመር። አንድ ቀን ጎረቤቷ ረህመት እሳት ልትጭር መጣች።

"ይኼ ጋን ከሥሩ ቀዳዳ አለው ልበል?" አለቻት ሰዕዲያ እየቀለደች።

"ቀዳዳስ አለው" አለች ረህመት። "ቀዳዳው ግን እግር አውጥቷል። ሐሙስ ሐሙስ ወንዝ ይወርዳል።"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"እኔ ምን አውቄ! ምራትሽ ልብስ ልታጥብ ነው የምትወርደው። የቆላ ሰዎችም ከብት ሊያጠጡ ነው የሚመጡት። የእናቷ አገር ሰዎች ናቸው። እኔ ምንም አላልኩም።"

"አስተግፊሩላህ በይ፣ ረህመት።"

"አስተግፊሩላህ። ግን አማቴ፣ አላህ ይማራትና፣ አንድ ብልሃት ነበራት። የዱቄቱን ፊት ደልድለሽ መዳፍሽን አትሚበት። ሌባ ዱቄት መዝገን ይችላል፤ ያንቺን መዳፍ መልሶ መሥራት ግን አይችልም።"

ሰዕዲያ የዚያን ዕለት ሳቀችባት። በማግሥቱ ግን ማንም ሳያያት የዱቄቱን ፊት በእጇ ደልድላ መዳፏን አተመች።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ተለወጠ። ሰዕዲያ ወደ ጓዳ ስትገባ ሰላምታዋን ተወች፤ ኮቴዋንም አጠፋች። ሉባባ ከእሳቱ ቀና ብላ ስትዞር አማቷን ከኋላዋ ቆማ ታገኛታለች። "ምነው እማዬ?" ስትላት "ምንም፣ ጭልፋ ፈልጌ ነው" ትላታለች። ጭልፋው ግን እዚያው ፊት ለፊቷ ተሰቅሏል። ልጅቷ ከወንዝ ስትመለስ ገና ውሃ ሳትቀምስ "ዛሬስ ቆየሽ!" ትባላለች። ማዕድ ላይ ዐይን ሁሉ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል።

ሉባባ ነገሩ ምን እንደሆነ ባታውቅም እንደምትጠበቅ ገብቷታል። የሚጠበቅ ሰው ደግሞ ምንም ሳያደርግ እንደ ሌባ መራመድ ይጀምራል። ጥቅሏን በነጠላዋ ትሸፍናለች፤ ስሟ ሲጠራ ትደነግጣለች፤ ከባሏ ጋር በሹክሹክታ ታወራለች። ሰዕዲያም ይህን ባየች ቁጥር በልቧ "ይኸው!" ትላለች። ተማምን እናቱ "ሚስትህ በነጠላዋ ሥር ምን ይዛ ነው የምትወጣው?" ካለችው ቀን ጀምሮ፣ ያንን ጥቅል ሳያይ ማለፍ አቃተው።

ሸህ ሙስባህ የመዳፉን ነገር አያውቁም። ያወቁት በቤታቸው ሰው ያለ ሰላምታ መግባት መጀመሩን ብቻ ነው። "ሸይጧን ሲገባ አያንኳኳም" አሉ አንድ ቀን ማዕድ ላይ። ማንም አልመለሰላቸውም። ሁሉም ጎርሶ ነበር።

አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ ሰዕዲያ ጋኑን ስትከፍት መዳፏን ፈርሶ አገኘችው። በጣቶቿ ምልክት ቦታ የተዛቀ ጉድጓድ አለ። ሉባባ ምንጭ ወርዳለች። ከምንጭ ተመልሳ ወደ ወንዝ የምትወስደው የልብስ ጥቅል ግን ታስሮ፣ በሩ ጥግ ተቀምጧል። ሰዕዲያ ልጇን ጠርታ ጋኑን አሳየችው። ተማም ጋኑን አየ፤ ከዚያም ጥቅሉን አየ።

"ዛሬ ዙህር ሳይሰገድ ወደ እናቷ እመልሳታለሁ" አለ። "ለመፍታት ጠላቅ አንዲት ቃል ናት። ሌባ ይዤ አልኖርም።"

"አባትህ ሳያውቁ?"

"አባባም መጥተው ይዩት።"

በዚያ አገር፣ በድርቅ ዓመት፣ "ሌባ" ተብላ የተመለሰችን ሴት ደግሞ የሚያገባት የለም። እናቷም ከጎረቤት ፍም እንኳ አትለምንም። እናትና ልጅ ይህን ያውቁ ነበር። ቁጣ ሲመጣ ግን የሚታወቅ ነገር ሁሉ ይረሳል።

ሸሁ ከሱቃቸው ተጠርተው መጡ። ደጃፍ ላይ ቆመው ሰላምታ አቀረቡ፤ መልሱ ዘገየባቸው። ገብተው ሳይቀመጡ ሰዕዲያ መናገር ስትጀምር እጃቸውን አነሡ።

"ሉባባ የት አለች?"

"ምንጭ ናት። ስለሷ እኮ ነው ነገሩ!"

"እንግዲያው ስትመጣ እንሰማዋለን።"

"ኧረ ይስሙኝ ሸሆች! እሷ እያለች እንዴት ብዬ ልናገር?"

"እሷ እያለች መናገር ካቃተሽ፣ እኔም እሷ በሌለችበት መስማት ያቅተኛል። የምታሳዪኝ ነገር ካለ አሳዪኝ።"

ተማም ወደ በሩ ጥግ ሄዶ ጥቅሉን አነሣ። "የሚታየውስ እዚህ ነው ያለው፣ አባባ። አሁኑኑ ፈትቼ ላሳይዎት።"

"አስቀምጠው" አሉ ሸሁ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። "የሰው ጥቅል ባለቤቱ በሌለበት አይፈታም።"

ሰዕዲያ ወደ ጓዳ ወስዳ ጋኑን ከፈተችላቸው፤ የመዳፉንም ነገር ነገረቻቸው። ሸሁ ጎንበስ ብለው ብዙ ተመለከቱ። ከዚያ እጅጌያቸውን ሰበሰቡና "ቢስሚላህ" ብለው ዱቄቱን በእጃቸው ደለደሉት። ጉድጓዱም፣ የተረፈው የመዳፍ ምልክትም ጠፋ።

"ምነው! ምን አደረጉ!" ብላ ጮኸች ሰዕዲያ። "ምስክሬን አጠፉብኝ!"

"ምስክርሽ ይኼ ነበር?" አሉ እጃቸውን እያራገፉ። "ምስክር ያየውን ይናገራል። ይኼን ማን ነካህ ብዬ ብጠይቀው ምን ይመልስልኛል? አይጥም ይገባበታል፤ ድመትም ይረግጠዋል። ምናልባት እኔም እርቦኝ ይሆናል።"

"እርስዎማ ጋኑ የት እንዳለ እንኳ ዛሬ ነው ያወቁት!"

በዚህ መሐል ከደጃፍ "አሰላሙ ዐለይኩም" የሚል ቀጭን ድምፅ መጣ። ሉባባ እንስራዋን እንዳዘለች ቆማ ምላሽ ትጠብቃለች። እናትና ልጅ ዝም አሉ። ዝምታው ረዘመ፤ እሷም አልገባችም፤ አልሄደችም።

"ወዐለይኩሙ ሰላም ወራሕመቱላህ። ግቢ ልጄ" አሏት ሸሁ። እንስራዋን አወረዱላትና፣ ካመጣችው ውሃ በቅል ቀድተው መጀመሪያ ለራሷ ሰጧት። ቅሉን በሁለት እጇ ይዛ ጠጣች።

"ጥቅልሽን ፍቺው" አላት ተማም።

ሉባባ አንዱን አየች፤ ሌላውን አየች። "ምን ጠፍቶ ነው?"

"ፍቺው ብያለሁ!"

ቅሉን አስቀመጠች። ተንበርክካ እጇን ቋጠሮው ላይ አደረገች። ቋጠሮው ጠብቋል፤ በጥርሷ ልትፈታው ጎንበስ አለች።

"ተዪው ልጄ" አሉ ሸሁ። "አትፍቺው።"

"አባባ! ካልተፈታ በምን እናውቃለን?"

"ባናውቅስ?"

"ባናውቅስ ማለት?"

"ዱቄት ከተገኘበት፣ ረሃብ ያሸነፈውን ሰው አዋረድን። ካልተገኘበት፣ ንጹሕ ሰው አዋረድን። በሁለቱም ግን ከነገ ጀምሮ በዚህ ቤት የሁሉም ጥቅል ይፈታል። ያንተም፣ የእናትህም፣ የኔም። ይኼን ነው የምትፈልገው?"

ሸሁ ወደ ሉባባ ዞሩ። ወሰድሽ ወይ ብለው አልጠየቋትም።

"እናትሽ እንዴት ናቸው?" አሉ።

ሉባባ ቀና አለች። ዝናቡ ከቀረ ወዲህ በዚያ ቤት ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም። "ሥራ ሥር እየቆፈረች ነው የምትበላው አሉ" አለች። "ከብት ሊያጠጡ የመጡ ሰዎች ናቸው የነገሩኝ። እኔ... ለመናገር አፍሬ ነው።"

ሸሁ "አስተግፊሩላህ" አሉ። ከዚያ ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። "ሰዕዲያ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሐሙስ ሐሙስ ለእናቷ አንድ ስፍር ስፈሪላት። በፊት በር፣ ሰው እያየ ይውጣ።"

"ሸሆች፣ ለኛስ መች በቃን!"

"ከኔ ድርሻ ቀንሺ።"

"ከየትኛው ድርሻ? ግማሹን ጊዜ በጾም ነዎት! እርስዎ ላይ ተቀንሶ ስፍር ይሞላል?"

"እንግዲያው ማፍጠሪያዬን ቀንሺ።"

ሰዕዲያ ልትስቅም ልታለቅስም ቃጣት። ስፍሩን አንሥታ ወደ ጋኑ ሄደች። ሞልታ ስታወጣው፣ እንደ ልማዷ ከአፉ የተረፈውን በእጇ ልትጠርግ ነበር፤ ከዚያ እንደተከመረ ተወችው።

ተማም ግን ዐይኑን ከጥቅሉ አላነሣም። "ወስዳ ቢሆንስ?" አለ አባቱን ዝቅ ባለ ድምፅ።

"የጎደለው ዱቄት ነው ልጄ" አሉ ሸህ ሙስባህ። "ዱቄት ይፈጫል። አማና፣ መተማመን ግን ወፍጮ የለውም።"

ሉባባ ጥቅሏን አዝላ ስፍሩን ልታነሣ ስትል ተማም ቀድሞ አነሣላት። አብሯት እስከ ወንዙ ዳር ወረደ፤ ጥቅሉ ሳይፈታ አድርሷት ተመለሰ አሉ። ዞር ብሎም አላየም።

ከሰዓት በኋላ ረህመት እሳት ልትጭር ብላ መጣች። በቤቷ ግን እሳት ነበራት።

"እህስ፣ መዳፉ ምን አለ?"

"ሉባባ ወንዝ ናት" አለች ሰዕዲያ። "ስትመጣ እሷኑ ጠይቂያት።"

"እሷን? እኔ?"

"እሷን።"

ረህመት ፍሟን ይዛ ስትወጣ "በናንተ ቤትስ ሐሜት እንኳ ፈቃድ ጠይቃ ነው የምትገባው!" አለች ይባላል። ከዚያ ወዲህ ያ ጋን ክዳን እንጂ ምልክት ኖሮት አያውቅም።

ጌታችን ከብዙ ጥርጣሬ እንድንርቅ፣ አንዳችንም የሌላችንን ነውር እንዳንከታተል አዝዞናል። እኛ ይህን ስንሰማ ስለ ጎረቤትና ስለ ገበያ ይመስለናል። ሸሁ ከጓዳቸው ጀመሩት። ደጃፍ ላይ ቆሞ ሰላም ማለት "ልይዝሽ አልመጣሁም" ማለት ነው። ከጥያቄ በፊት ውሃ ማቅረብ "መምጣትህ ይበቃኛል" ማለት ነው። ሰዕዲያ ዱቄቷ መጉደሉን ለማወቅ ስትል መጀመሪያ ያጣችው ሰላምታዋን ነው። ሰላምታው ሲቀር የቤቱም ጸጥታ አብሮ ወጣ፤ በሹክሹክታ የሚኖርበት ቤት ጸጥ ያለ ይመስላል እንጂ ሰላም የለውም።

ለተዕዚያ፣ ለቅሶ ሊደርሱኝ ከመጡ ሴቶች ለአንዷ ይህን ብነግራት "እንዲህ ከሆነማ ቤቱን ሌባ ይጨርሰው!" አለችኝ። ሸሁ ሞኝ አልነበሩም። የውጭ በራቸው መወርወሪያ ነበረው፤ ሲመሽም ቢስሚላህ ብለው ይዘጉት ነበር። ከውስጥ ላሉት ግን መወርወሪያ አላበጁም። አብሮን የሚበላውን ሰው እንደ ውጭ ሰው የጠበቅነው እንደሆነ፣ በሩን የምንዘጋው ለማን ነው?

እኔም አንድ ቀን ባለቤቴን "ግን እውነቱን ንገረኝ፤ ዱቄቱን የወሰደው ማን ነበር?" ብዬ ጠየቅሁት። ሳቀብኝ።

"ሸሁ ሳይጠይቁ ኖረው፣ ሳያውቁ ሞቱ" አለኝ። "አንቺ ምን ቤት ነሽ?"

አላህ ለሁሉም ይዘንላቸው። እስከ ዛሬ አላውቅም።