ትርንጎን ጎመን ያማራት ጊዜ

የቸኮለ ይለፍ፣ ያልቸኮለ ይቀመጥና ይስማ።

ትርንጎ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ እናቷ ቤት ገብታለች። ባሏ ድልነሳ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ከተያዩ ሦስት ወር ሆኗቸዋል። እርጉዝ ናትና አማራት። ያማራት ደግሞ ጮማ አይደለም፤ እናቷ ከአስፋልቱ ዳር የሚተክሉት ጎመን ነው። እሱን እያሰበች ምራቋን ስትውጥ ትውላለች።

እናቷ ወይዘሮ የውብነሽ ግን፣ "አልቀነጥስልሽም ልጄ" አሏት። "የግብርናው ባለሙያ አፈሩን አስመርምሮ፣ እርሳስ የሚባለው ብረት ገብቶበታል ብሎኛል። በሆድሽ ላለው ልጅ መርዝ ነው።"

ትርንጎ ወደ ጎመኑ ሄደች። "ጎመን ሆይ፣ ምነው ብበላህ?"

"አፈሩ እርሳስ እያበላኝ?" አለ ጎመኑ።

ወደ አፈሩ ዞረች። "አፈር፣ ጎመኑን እርሳስ አታብላው፤ ጎመኑ እኔን እንዳይጎዳ፣ እኔም አምሮቴን እንድወጣ።"

"ቦዩ እያጠጣኝ?" አለ አፈሩ።

ወደ ቦዩ ወረደች። "ቦይ፣ አፈሩን አታጠጣው፤ አፈሩ ጎመኑን እንዳያበላ፣ ጎመኑ እኔን እንዳይጎዳ፣ እኔም አምሮቴን እንድወጣ።"

"መንገዱ ዝናብ በመጣ ቁጥር እጣቢውን እየደፋብኝ?" አለ ቦዩ።

ሆዷን ደግፋ ወደ አስፋልቱ ወጣች። "መንገድ፣ ቦዩ ላይ አትድፋ፤ ቦዩ አፈሩን እንዳያጠጣ፣ አፈሩ ጎመኑን እንዳያበላ፣ ጎመኑ እኔን እንዳይጎዳ፣ እኔም አምሮቴን እንድወጣ።"

"መኪናው የፍሬን ብናኝና የተቃጠለ ዘይት እያራገፈብኝ?" አለ መንገዱ።

አንድ ከባድ መኪና እያጓራ መጣ። እጇን ዘርግታ አስቆመችው። "መኪና፣ መንገዱ ላይ አታራግፍ፤ መንገዱ ቦዩ ላይ እንዳይደፋ፣ ቦዩ አፈሩን እንዳያጠጣ፣ አፈሩ ጎመኑን እንዳያበላ፣ ጎመኑ እኔን እንዳይጎዳ፣ እኔም አምሮቴን እንድወጣ።"

"ሹፌሬ እያጣደፈኝ?" አለ መኪናው። "እስኪ እሱን ጠይቂው።"

በሩ ተከፈተ። የወረደው ድልነሳ ነው።

"በዚህ ሳልፍ የማልቆመው፣ ምልልሱን ቶሎ ጨርሼ ለመውለጃሽ ልደርስ ብዬ ነው" አለ አንገቱን ደፍቶ። "ናፍቀሽኝ ነው የምሮጠው።"

"እኔም ናፍቀኸኛል" አለችው። "ግን አንተ ወደ እኔ በሮጥክ ቁጥር መርዙ እኔው ጋ ይደርሳል።"

መቼም ሚስቱ አምሮቷን ነግራው እምቢ የሚል ባል በዚያ አገር አልተወለደም። ድልነሳ ፍሬኑን አሳደሰ፣ የሚያንጠባጥበውን ዘይት አስደፈነ፣ ማጣደፍ ተወ። የእሱን አይተው ጓደኞቹም ተዉ። መኪናው ማራገፍ ተወ፤ መንገዱ መድፋት ተወ፤ ቦዩ ማጠጣት ተወ። አፈሩ ጋ ሲደርስ ነገሩ ቆመ።

"የእነሱ መተው ደግ ነው" አለ አፈሩ። "እኔ ግን የጠጣሁት አይወጣልኝም። የልጅ ልጆችሽ ቢጠብቁኝም አልጠራም።"

ትርንጎ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ድልነሳ ከመንገድ ከራቀው ከአባቱ የደጋ ማሳ አፈር በጆንያ ጭኖ መጣ። ከጓሮ፣ ከአስፋልቱ ርቀው፣ የእንጨት ሣጥን ሞሉበት። ወይዘሮ የውብነሽ ዘሩበት። ጎመኑ ሲደርስ ትርንጎ ወሯ ገብቶ ነበር።

ጎረሰች። የእናቷን ደጅ ጎመን ጣዕም በአፏ ውስጥ ፈለገችው፤ የለም። የሌላ አገር ጎመን ነው።

"ምነው፣ አልጣፈጠሽም?" አሏት እናቷ።

"ጣፍጦኛል እማዬ። ያኛው ግን ናፈቀኝ።"

ድልነሳ ሁለተኛውን ጉርሻ አጎረሳት። እያለቀሰች ድስቱን ጨረሰችው።

ጎመኑ ለእሷ፣ ተረቱ ለእናንተ።