ሰባት ቤት የቆጠረው ብሎን

እስቲ ጆሮ ስጡኝ። ሰጣችሁ? እንግዲያው ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ በአንድ ጫማ ሰፊ ሣጥን ውስጥ አንዲት ታጣፊ ሰንጢ ትኖር ነበር። ስለቷንና እጀታዋን አንድ ላይ የሚይዘው አንድ ብሎን ብቻ ነው። ታዲያ አንድ ቀን ቆዳ ስትቆርጥ ብሎኑ ወልቆ ቦይ ገባ፤ በዚያው ቀረ።

ጫማ ሰፊው ጋሽ ደርበው ሰንጢዋን ነቅነቅ አድርገው አዩና፣ «እስከ ቅዳሜ ብሎን ካልተገኘልሽ ለቆራሌው ነው የምሰጥሽ» አሏት። ቆራሌው ማለት ጆንያውን ተሸክሞ አሮጌ ብረት የሚሰበስበው ሰውዬ ነው። እዚያ ጆንያ ገብቶ የተመለሰ ዕቃ የለም። ሰንጢ ክፉኛ ፈራች።

ፈራች እንጂ ኩራቷ አልቀነሰም። «ያገኘሁትን ብሎን ሁሉ እሺ አልልም!» ብላ ሽማግሌዎች ሰበሰበች፦ ጉጠትን፣ መዶሻንና ሞረድን። ሦስቱም ስለ ብሎን የሚያውቁት ነገር የለም፤ ሽማግሌ መሆን ግን ያውቁበታል። ተኮፍሰው ተቀመጡ።

በመጀመሪያው ቀን አንድ ትንሽ የብረት ብሎን መጣ።

«የማን ልጅ ነህ?» አለው ጉጠት።

«አላውቅም አባቴ። ከመንገድ ላይ ነው የተለቀምኩት። ግን ልኳ እመስላለሁ፤ እስቲ አንዴ ልለካ?»

«ስሙት! ሽማግሌ ፊት ልለካ ይላል!» ብሎ መዶሻ ተቆጣ። ሰንጢም አፈረችለት። ትንሹ ብሎን ተባረረ።

በሁለተኛው ቀን የበር ብሎን መጣ። ከሰንጢዋ እጀታ የማይተናነስ ወፍራም ነው።

«እስከ ሰባት ቤት ቁጠር» አሉት።

አባቱን ጠራ፣ አያቱን ጠራ፣ ቅድመ አያቱን ጠራ። አራተኛው ላይ ላብ አጠመቀው፤ አምስተኛው ላይ ስሙ ጠፋው። «አጥንቱ ያጠራጥራል» ብለው መለሱት። ውፍረቱን ያነሳ አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን ከአንድ ደጃዝማች የግድግዳ ሰዓት የወጣ የናስ ብሎን መጣ። ያብለጨልጫል። ሳይጠየቅ ቆጠራውን ጀመረና ሰባቱን ቤት ጨርሶ፣ «ስምንተኛውንም ልጨምር?» አለ።

«ኧረ ይበቃል ጌታው!» አሉ ሽማግሌዎቹ፣ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው። ሣጥኑ በእልልታ ቀለጠ። ጉጠት ራሱ ይዞ ብሎኑን ቦታው ላይ አስገባው።

የናሱ ብሎን ግን ገብቶ ወዲያ ወዲህ ይዋልል ጀመር። ጥርሱ ምንም አልነከሰም።

«አባቶቼ፣ ላላ እኮ!» አለች ሰንጢ ደንግጣ።

«ልጄ፣» አለ ጉጠት እየሳቀ፣ «ትዳር ሲጀመር እንዲህ ነው። ሲከርም ይጠብቃል።»

ሰንጢ ልቧ አላመነም። ግን ያን ሁሉ አያት የቆጠረን ብሎን ላላ ብሎ መመለስ ነውር መሰላትና እንደላላ ተቀበለችው።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ደርበው ሣጥናቸውን ሲከፍቱ ሰንጢዋ ብሎን አላት። ደስ አላቸው። ሶል ሊቆርጡባት ገና ጫን ሲሉ ብሎኑ ሹልክ ብሎ ወጣ፤ ስለቷም ተንሸራቶ የአንድ ደንበኛን አዲስ ጫማ ከአፉ እስከ ተረከዙ ሰነጠቀው። የናሱ ብሎን በክብር መሬት ላይ ተንከባለለ።

«በቃሽ!» አሉ ጋሽ ደርበው። ወዲያው ከመንገዱ «ቆራሌው!» የሚል ድምፅ ተሰማ።

ሰንጢ ከጆንያው አፍ ላይ ሆና ጮኸች። «አባቶቼ፣ ምን አጥፍቼ ነው?»

ሽማግሌዎቹ ተጠጋግተው መከሩ። ሰባቱን ቤት እንደገና ቆጠሩ፤ አንድም አልጎደለም። ጉጠት ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «ልጄ፣ አጥንቱ ላይ እንከን አላገኘንም» አላት።

«ልኩንስ? ልኩን አይታችኋል?»



«እሱ ደግሞ በሽማግሌ የሚጠየቅ ነገር ነው እንዴ?» አለ መዶሻ። የጆንያው አፍ ታሰረ።

እንግዲህ ለተረቴ የሚገባኝን ዳቦ ከመጠየቄ በፊት ይህን ልበላችሁ፦ ብሎን ስትመርጡ ልኩን ጠይቁ። ሰባት አያት ቢደረደር አንድ ሰንጢ አይዝም።