የሽመክት ነጭ ነጠላ

ስለ ልጅ በተነሣ ቁጥር ሰው ከአፉ የማይለያት አንዲት አባባል አለች። የጎሽ ሜዳ ሰዎች ግን ያቺ አባባል የተወለደችው በእኛ ሰፈር፣ በቡሄ ዋዜማ፣ ጭቃ መካከል ነው ይላሉ። ነገሩም እንዲህ ነው።

በጎሽ ሜዳ ሽመክት የሚባል ልብስ ሰፊ ነበር። ንጽሕና ከመውደዱ የተነሣ፣ «ነጠላው ላይ ዝንብ እንኳ አስፈቅዳ ነው የምታርፈው» እየተባለ ይቀለድበታል። ልጅ ግን አልነበረውም። ቡሄ ሲደርስ የሰፈሩ ልጆች እየጨፈሩ በየደጁ ሙልሙል ዳቦ ይቀበላሉ። የእሱን ደጅ ግን፣ ጭቃ እንዳያስገቡበት ስለሚከለክላቸው፣ ዘለው ማለፍ ከጀመሩ ቆይተዋል። እሱም የጅራፉን ጩኸት ሲሰማ መርፌውን ያቆምና ያዳምጣል።

አንድ ክረምት ወደ ሰፈሩ ቄስ ወደ መምሬ ጥሩነህ ሄደ።

«አባ፣ ልጆች ላስተምር። እግዚአብሔር የራሴን አልሰጠኝም፤ የሰውን ልጅ በቃሉ ባሳድግ ያው አባትነት አይደለም?»

መምሬ ደስ አላቸው። «እንዴታ! መዝሙር አስጠናቸው፤ ለቡሄ መጀመሪያ አንተ ደጅ ይዘምራሉ።»

«ነጭ ቀሚስም እሰፋላቸዋለሁ። ግን ሥርዓት የሌለውን እመልሳለሁ።»

«ጌታችን ጴጥሮስን ሲጠራው እኮ ዓሣ ዓሣ ይሸት ነበር።»

«ጴጥሮስ የእኔን ነጭ ቀሚስ አልለበሰማ።»

መምሬ ሳቁ። «እሺ፣ መልስ። የመለስኸው ልጅ ደጅህ ባይመጣ ግን እንዳትቀየም።»

በዚህ ተስማሙ።

ልጆቹ ዝናብ እንደ ደበደባቸው መጡ። ሽመክት እግራቸው የጨቀየውን በር ላይ መለሳቸው። ድምፁ ገና እየጎረነነ የነበረውን ጎረምሳ፣ «አንተ አውራ ዶሮ ነህ» ብሎ ሸኘው። በዚህ የሳቁትንም አስከትሎ ላካቸው። ማንደፍሮ የሚባል አፍንጫው የማያቋርጥ ልጅ ደግሞ በእጅጌው እየጠራረገ እጁን አወጣ።

«ጋሼ፣ ጌታችን በታቦር ተራራ ላይ ልብሱ እንደ ብርሃን ሲነጣ ማን አጠበለት?»

«መጀመሪያ አፍንጫህን እጠብ» አለና እሱንም መለሰው።

ዋዜማው ሲደርስ ሽመክት ጎረቤቱን ሙልሙል አስጋግሮ መሶብ ሙሉ አስቀመጠ። ቀሚሶቹን በገመድ ላይ ደረደረ፤ ነጠላውን አጣፍቶ ደጁ ላይ ቆመ። ከሰዓት በኋላ ጅራፍ ይጮህ ጀመር፤ ጭፈራው ከአንዱ ደጅ ወደ ሌላው ሲሄድ ይሰማዋል። ወደ እሱ የመጣችው ግን እሱ ያልመለሳት፣ ብርቄ የምትባል ዝምተኛ ልጅ ብቻ ናት።

«ጋሼ፣ ለብቻዬ መዘመር አፍራለሁ» አለች።

«ሌሎቹስ የት አሉ?»

«ወንዝ ዳር። ኑ ብላቸው፣ እኛን መልሰውናል አሉኝ።»

ይህን ብላ አነጠሰች። የእሷም አፍንጫ መፍሰስ ጀምሯል። ሽመክት ልማዱ ሆኖ ሊመልሳት አፉን ከፈተ። ነገር ግን ከኋላዋ ማንም አልነበረም።

አፉን መልሶ ገጠመ። መሶቡን ተሸከመና «ነይ፣ አብረን እንሂድ» አላት።

ቁልቁለቱ ሙልጭ ያለ ጭቃ ነው። እንደዚያ ያለ መንገድ ረግጦ የማያውቀው ሽመክት ወንዙ ዳር ሊደርስ ሲል እግሩ ከዳው። ብርቄ መሶቡን ቀልጥፋ ያዘችለት፤ እሱን የያዘው ግን አልነበረም። ጭፈራው ቆመ። ልጆቹ መሳቅም መሸሽም አምሯቸው ተያዩ። መጀመሪያ የሮጠው ማንደፍሮ ነው፤ ክንዱን ይዞ አነሣው።

«ጋሼ፣ ነጠላዎ» አለ በሐዘን።

ሽመክት ነጠላውን አየው። አንዲት ጫፍ ብቻ ንጹሕ ቀርታለች። እሷን ፈልጎ ያዘና በልጁ አፍንጫ ላይ አደረጋት።

«ተናፈጥ» አለው።

ማንደፍሮ ከልቡ ተናፈጠ። ያን ጊዜ ሁሉም ሳቁ፤ ሽመክትም ሳቀ።

«የጌታን ልብስ ማን እንዳጠበ አላውቅም» አለው፤ «መምሬን አብረን እንጠይቃለን። የእኔን ግን አጣቢዎቹን አውቃለሁ፤ ከበዓሉ በኋላ ወንዝ እንወርዳለን። አሁን ኑ፣ ደጄ ጭር ብሏል።»

ልጆቹ እየዘለሉ ተከተሉት። ነጩን ቀሚስ በጨቀየው ልብሳቸው ላይ አጠለቁ፤ ባለ አውራ ዶሮ ድምፁ ጎረምሳ መዝሙሩን አወጣ፣ ሌሎቹ ተቀበሉ። ጭቃው እስከ ስፌት መኪናው ድረስ ገባ።

መምሬ ጥሩነህና መነኩሲቷ እማሆይ አጸደ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ደረሱባቸው።

«ምነው ሽመክት፣ ሥርዓቱስ?» አሉ መምሬ።

«እያስተማርኳቸው ነው አባ። ዓመትም ይፍጅ፣ ሁለት፣ የትም አልሄድም» አለ ሽመክት፣ በዚያችው የነጠላው ጫፍ የብርቄን አፍንጫ እየጠረገ።

እማሆይም በመቋሚያቸው ተደግፈው አዩት፣ ያን ነጭ የነበረ ነጠላም አዩት፣ ፈገግ ብለውም «ይኸው ነው ልጄ፤ ልጅ ሲወዱ ከነንፍጡ ነው» አሉት።