በጥላ ሥር የተደወለ ቃጭል

አንድ ጊዜ፣ ምንጩ ሁሉ ደርቆ እንስሳት ውሃ ፍለጋ ሩቅ ወንዝ ድረስ መውረድ በጀመሩበት ክፉ በጋ፣ ንጉሥ አንበሳ ልጆቻቸውን የሚጠብቅ ዘብ አቋቋመ። እናትና አባት ጠዋት ወደ ወንዙ ሲወርዱ ልጆቹ በእሾህ በታጠረ መስክ ውስጥ ይውላሉ። መስኩ ሁለት በር አለው፤ አንዱ በመንገዱ በኩል፣ ሌላው በፈፋው በኩል። የመንገዱን በር ፍየል ያዘች፤ የፈፋውን በር ቀበሮ ያዘች። በሁለቱ ላይ አለቃ ሆኖ የተሾመው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አህያ!

አትሳቁ። አህያ ልፋት የማይፈራ፣ የጫኑትን የሚሸከም፣ ክፋት የማያውቅ ፍጥረት ነው፤ አንበሳም የመረጠው ለዚሁ ነው። አንገቱ ላይ ቃጭል አሰረለትና እንዲህ አለው፦

«ስማ አህያ፣ ፍየልና ቀበሮ በር ይጠብቃሉ። አንተ ደግሞ ጠባቂዎቹን ትጠብቃለህ። ቀኑን ሙሉ ትዞራለህ። እያንዳንዳቸው ዘንድ ሄደህ ፊታቸውን ታያለህ፣ አጥሩን በአፍንጫህ ትነካለህ፣ ልጆቹንም ታያለህ። ቃጭሉ መምጣትህን ሰምተው ነቅተው እንዲጠብቁህ ነው። የልጆቹ ነፍስ ባንተ እጅ ነው።»

«ንጉሥ ሆይ፣ የራሴም ውርንጭላ እኮ እዚያው ነው የሚውለው» አለ አህያ ጆሮውን ቀጥ አድርጎ። «ዓይኔን ከነሱ ላይ ብነቅል ምድር ትዋጠኝ!»

መጀመሪያ ሰሞን ማን እንደ አህያ! ፀሐይ በረታ አይል፣ እግሬን አመመኝ አይል፣ ቅጭል ቅጭል እያለ ሲዞር ይውላል። ቀበሮ ግን ተቃጠለች። እሱ እንዲህ እየመጣባት ወደ መንደር ወርዳ ዶሮ መስረቅ አልቻለችማ! አንድ ቀን ላብ በላብ ሆኖ ሲደርስ ጠብቃ፣

«ውይ አለቃዬ!» አለችው። «እንዲህ ሆነው ሲመጡ አንጀቴን ይበሉታል። አለቃ ሆኖ እንደ ተላላኪ ሲንከራተቱ መዋል የት አገር ነው ያለው?»

«ንጉሡ ዙር ብሎኛል።»

«ዙር ያለው እኛ እንድንነቃ አይደል? የቃጭልዎ ድምፅ እንደሆነ እንኳን እዚህ፣ ወንዙ ድረስም ይሰማል። እዚያ ሾላው ጥላ ሥር ጋደም ይበሉና ይደውሉ። እኛ ሰምተን ‹ደህና!› ብለን እንመልሳለን። እርስዎም አይደክሙ፣ እኛም አንተኛ፣ ልጆቹም ይጠበቁ።»

አህያ አሰበ፣ አሰበና ልክ መሰለው። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ እግሩም አሞት ነበር፤ አለቃ መባሉም ጥሞት ነበር።

ከዚያ ወዲያ ከሾላው ሥር አልተነሣም። አንገቱን ወዝወዝ ሲያደርግ፣ ቅጭል! ከመንገዱ በር «ደህና!» ከፈፋው በር «ደህና!» አህያ ፈገግ ይልና ጆሮውን ይጥላል። «አለቅነት ማለት ይሄ ነው እንጂ» ይላል በልቡ።

ቀበሮ የምትጠብቀው ይህንን ነበር። ዶሮ ልትሰርቅ ስትሄድ በቦታዋ ሆኖ «ደህና!» የሚልላት ምትክ ብቻ ነው የቀራት። ታዲያ ማንን ጠራች መሰላችሁ? እግዚኦ በሉ! አያ ጅቦን!

«አያ ጅቦ፣ ዛሬ ዘብ ትሆንልኛለህ?»

«ዘብ ስሆን ምን እበላለሁ?»

«ምንም። ቃጭል በሰማህ ቁጥር ‹ደህና!› ማለት ነው። ስመለስ ዶሮ አመጣልሃለሁ።»

«እነዚያ ውስጥ ያሉትስ?» አለ ጅብ፣ ምራቁ እየተዝረበረበ።

«እነሱን ንክች እንዳታደርግ!»

«ንክች ባደርግ ሞቼ ልገኝ!»

የጅብ መሐላ! ኧረ ተዉኝ እቴ። ቀበሮም መሐላውን ይዛ ወደ መንደሩ ተፈተለከች።

አህያ ከሾላው ሥር ቃጭሉን ወዘወዘ። ፍየል «ደህና!» አለች። ከፈፋው በኩል መልሱ ዘገየና፣ አፉን ሞልቶ የጎረሰ የሚመስል ወፍራም ድምፅ «ድ... ህና!» አለ።

አህያ አንድ ጆሮውን አነሣ። «ምስኪን ቀበሮ፣ ጉንፋን ይዟታል» ብሎ መልሶ ጣለው።

ፍየል ግን «አለቃ!» ብላ ከበሯ ላይ ጮኸች። «ያ የቀበሮ ድምፅ አይደለም! ግልገሌ በዚያ በኩል ነው የምትጫወተው። ፈቃድዎ ከሆነ ሮጥ ብዬ ልይ?»

«በርሽን ጥለሽ? አይሆንም!»

«እንግዲያው እርስዎ ሄደው ይዩልኝ። እባክዎ!»

«አንቺ፣ አለቃው እኔ ነኝ ወይስ አንቺ ነሽ? ‹ደህና› ተብሏል፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አርፈሽ በርሽ ላይ ቁሚ!»

ምን ታድርግ? የአለቃ ትእዛዝ ነው። እግሯ በሩ ላይ ቆመ፣ ዓይኗ ግን ከፈፋው አልተነቀለም።

ቆየት ብሎ አህያ ደግሞ ደወለ። አሁንስ ከፈፋው በኩል «ደህና!» ያለው ድምፅ ሲጨርስ በልቶ እንደ ጠገበ በረጅሙ አገሳ። አህያ ቀበሮ እንዲህ ስታገሳ ሰምቶ አያውቅም። ያን ጊዜ ነው ሌላ ነገር ያስተዋለው፤ ከመስኩ የልጆች ጫጫታ ጠፍቷል። ብድግ ብሎ ሮጠ።

ወይ ጉድ! ወይ ጉድ! በቀበሮ ቦታ፣ ሆዱ ተነፍቶ፣ ከንፈሩን እየላሰ፣ አያ ጅቦ ቆሟል! አህያን ሲያይ ደግሞ እንደ ደህና ዘብ ቀጥ አለና፣

«ደህና ነው አለቃ!» አለው።

አህያ ደርቆ ቀረ። «አን... ተ... እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ዘብ ነኛ! ከጠዋት ጀምሮ አንተ ስትደውል እኔ ስመልስ ዋልን አይደል እንዴ? አንድም አላጎደልኩ። አንተንም በበላሁህ ነበር፤ ግን ጠገብኩ፣ ደግሞም ዶሮ ይመጣልኛል።»

«ል... ጆቹስ?»

ልጆቹ በአጥሩ ጥግ እርስ በርስ ተጣብቀው፣ ከፍርሃት የተነሣ ድምፃቸው ተዘግቶ ይንቀጠቀጡ ነበር። ውርንጭላውም መካከላቸው አለ። አህያ ውርንጭላውን ሲያይ «ተመስገን!» አለ። ወዲያው ዓይኑ ሣሩ ላይ ዐረፈ። ደምና የተበተነ ነጭ ፀጉር አየ። ከልጆቹ መካከል የፍየል ግልገል የለችም። «ተመስገን» ያለበት አፉ መረረው።

አንበሳ ከእንስሳቱ ጋር ከወንዝ ሲመለስ ጅብ ያው ቦታው ላይ ቆሞ ዶሮውን ይጠብቅ ነበር፤ በአንድ ጥፊ አጋደመው። ቀበሮም የዶሮ ላባ ከአፏ ሳታራግፍ ብቅ ስትል ይህንን አየችና ነፍሴ አውጪኝ ብላ ጠፋች። ከዚያ በኋላ በዚያ አገር ዘብ እንድትቆም የጠራት የለም።

«ንጉሥ ሆይ፣ ጥፋቱ የቀበሮ ነው!» አለ አህያ እየተንተባተበ። «ቦታዋን ጥላ ሄደች። እኔ ደውያለሁ! መልስም ተሰጥቶኛል!»

«ቀበሮ ቦታዋን ጥላ ሄዳለች» አለ አንበሳ። «ቦታዋ ላይ መኖሯን እንዲያይ የተሾመው ማን ነበር?»

ፍየል መጣች። ሁሉም ትጮኻለች ብሎ ሲጠብቅ እንባ እንኳ አልወጣትም፤ ድንጋጤው አድርቋት ነበር። አህያ ፊት ቆመችና፣

«አለቃ፣ ልሂድ ብዬዎት ነበር። ካልሆነም ይሂዱልኝ ብዬዎት ነበር» አለችው።

አንበሳ ቃጭሉን ከአህያ አንገት ፈታና «ከእንግዲህ ማን ይሰረው?» ብሎ ጠየቀ። ሁሉም ወደ ኋላ ሸሸ። ፍየል አንገቷን ዘረጋች። «እኔ እዞራለሁ» አለች። «የሌሎቹ ልጆች ገና አሉ።»

በማግሥቱ ፍየል ሥራ ከመጀመሯ በፊት ደረቅ ሣር ነጭታ፣ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ቃጭሉ ውስጥ ጠቀጠቀች። ከዚያ በእግሯ መዞር ጀመረች። የፈፋውን በር እንዲጠብቅ የታዘዘው አህያ ነበር። ቃጭልም ኮቴም ሳይሰማ ፊቱ ላይ ቆማ ቢያገኛት ክው አለ።

«እህስ፣ ደህና ነው?» አለችው።

«ደ...» ብሎ ጀመረና አፉን ያዘ። አንገቱን አቀርቅሮ ከበሩ ገለል አለላት።

«ይግቡና በዓይንዎ ይዩት፣ አለቃ» አላት።

ከዚህ የምንማረው፣ በሌሎች ላይ የተሾመ ሁሉ ተነሥቶ በዓይኑ ካላየ፣ በነሱ ጥፋት ለሚደርሰው መከራ አስቀድሞ የሚጠየቀው እሱ ራሱ መሆኑን ነው።